አክስቴን ስታጆኒ ይዣት ሄድኩ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ፓስታን የሚያውቀው ከቤቱ ነው። እሮብ ወይም ዓርብ ነው። እናት ሽንኩርት ታቁላላለች፣ ቲማቲም ትከትፋለች፣ ፓስታውን ለሁለት ሰብራ ድስት ውስጥ ትጨምረዋለች። ቃሪያ ጣል ይደረግበታል። አንዳንድ ቤት ስጎው በበርበሬ ነው የሚሠራው። ከዚያ ትሪ ላይ እንጀራ ይዘረጋና ፓስታው መሃሉ ላይ ይገለበጣል። ሹካ የፈለገ ሹካ ያመጣል፣ ያልፈለገ በእንጀራ ጠቅልሎ ይጎርሳል። እኛ ቤት ይህን ምግብ የሰው አገር ምግብ ነው ያለ ልጅ አልነበረም።

ትልልቆቹ ሆቴሎች ውስጥ ያሉት የጣሊያን ምግብ ቤቶች ግን ሌላ ናቸው። ስንዴውም፣ ቲማቲሙም፣ ነጭ ሽንኩርቱም ያው ነው። እዚያ ስንገባ ግን ድምፃችን ዝቅ ይላል። ስናዝ እንጠነቀቃለን። የሜኑውን ስም አሳስተን እንዳናነብ እንሰጋለን። ልጅ ሆነን በእጃችን የጎረስነውን ምግብ ልክ ዛሬ እንደተዋወቅነው አድርገን እንቀመጣለን።

ይህ ነገር የከነከነኝ ቆይቷል። ምክንያቱም በዚህ ከተማ የጣሊያን ምግብን ጠንቅቀው ከሚያውቁት ብዙዎቹ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አይታዩም። ያሉት ከወጥ ቤቱ በር ወዲያ ነው። አንዷ አክስቴ ናት።

አክስቴ ሥራ የጀመረችው በንጉሡ ዘመን፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ የጣሊያን ቤተሰብ ቤት ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሯቸው ቤቶች ያኔ ገና ቆመው ነበር። አሁን አብዛኛው ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። መጀመሪያ ሳህን አጣቢ ነበረች። ቀጥሎ ሽንኩርት ከታፊ። የቤቱ እመቤት፣ እሷ እስከ ዛሬ «ሲኞራ» የምትላት፣ ቀስ በቀስ ሊጥ ማቡካት አስተማረቻት። ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል። ለ100 ግራም ደረቅ ፓስታ አንድ ሊትር ውሃ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው። አክስቴ እነዚህን ቁጥሮች ዛሬም እንደ ጸሎት ነው የምትደግማቸው።

ደርግ ሲመጣ ቤተሰቡ አገር ለቅቆ ሄደ። እሷ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገባችና እዚያው ጡረታ ወጣች። ላዛኛው፣ ሚኔስትሮኔው፣ ኮቶሌቱ፣ አሮስቶው በእጇ አልፏል። ሰርግ አብስላለች፣ የሚኒስትሮች ግብዣ አብስላለች። አንድ ጊዜ አዳራሹ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቅኳት። «በበሩ መስተዋት ነው የማውቀው» አለችኝ። የወጥ ቤቱ በር ላይ ክብ መስተዋት ነበረ። አስተናጋጆቹ ትሪ ይዘው ሲወጡ እንዳይጋጩ የተገጠመ ነው። በዚያ ነበር የምታየው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል አልዋሸሁም። አንድ ቀን ተቀምጣ እንድትበላ፣ ሌላ ሰው አብስሎ እንዲያቀርብላት ፈለግኩ። ያውም በምታውቀው ምግብ።

ሸራተን አዲስ የተከፈተው በ1990 ዓ.ም. ነው። ያሠሩት ሼክ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። ከፍልውሃ ከፍ፣ ከታላቁ ቤተ መንግሥት ዝቅ ብሎ ያለ ሆቴል ነው። በኛ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሰው፣ ገብቶበት ባያውቅም፣ ሙዚቃ እየተከተለ የሚወጣውን የውሃ ፏፏቴ ሰምቶ ያውቃል። የጣሊያን ምግብ ቤቱ ስታጆኒ ይባላል። እዚያ እራት ልጋብዝሽ አልኳት።

«ሸራተን? እኔ እዚያ ምን ልሠራ?»

«ልትበይ ነዋ፣ እትዬ።»

ዝም አለች። ቀጥላ «ጾም እንዳይሆን ብቻ» አለች። እንደተስማማች የገባኝ ያኔ ነው።

የጾሙ ነገር ቀላል አይደለም። ከሱቅ የምንገዛው ደረቅ ፓስታ ዱቄትና ውሃ ብቻ ስለሆነ ይጾምበታል። ለዚህም ነው በየቤታችን የጾም ምግብ ሆኖ የተለመደው። በጥሩ የጣሊያን ምግብ ቤት ትኩስ የሚሠራው ፓስታ ግን አብዛኛው በእንቁላል ነው የሚቦካው። እንደ ጥብጣብ የሚቆረጠው ታልያቴሌ፣ ላዛኛው፣ ራቪዮሊው ሁሉ። ስጎው የአትክልት ቢሆንም ሊጡ የፍስክ ነው። ጾም የሚጾም ሰው ሲያዝ ስጎውን ብቻ ሳይሆን ሊጡንም ይጠይቅ። አክስቴ ሆቴል ስትሠራ እንግዳ በጾም ቀን ታልያቴሌ ሲያዝ አስተናጋጁን መልሳ ትልከው ነበር። «ሰውዬው ጾመኛ እንደሆነ ጠይቀው» ብላ። እኛ የሄድነው ከፋሲካ በኋላ፣ በሃምሳው ውስጥ ነው። እሮብም ዓርብም አይጾምም።

ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በር ላይ ፍተሻ አለ፤ እሱን አልፈን ገባን። የእንግዳ መቀበያውን እብነ በረድ፣ መብራቱን፣ አበባውን አንድ በአንድ ልገልጸው እችል ነበር። ግን እሷ ለዚያ ግድ አልነበራትም። በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ነው የሄደችው። ተቀመጠች፣ ነጩን የጠረጴዛ ልብስ በመዳፏ ዳበስ አደረገችው፣ ሹካውን አንስታ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። አስተናጋጁ ወጣት ልጅ ነው። «እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ» አላት። ወንበሯን አስተካከለላት። ዳቦና የወይራ ዘይት መጣ።

ሜኑውን አንብቤላት ሳልጨርስ መርጣ ነበር። ስፓጌቲ በቲማቲምና በባዚል። ስጋ የሌለው፣ አሳ የሌለው፣ ሜኑው ላይ ካሉት ሁሉ ተራው። «እትዬ፣ ይሄንንማ ቤትም እንበላዋለን» አልኳት። «ወጥ ቤት የሚፈተነው በዚህ ነው» አለች። «ስጋና ክሬም ጥፋት ይሸፍናል። ይሄ አይሸፍንም።» እኔ ታልያቴሌ በራጉ፣ ማለትም ቀስ ብሎ በሚበስል የሥጋ ስጎ፣ አዘዝኩ። እንድንቃመስ ነው።

አስተናጋጁ አንድ ጥያቄ ጨመረ። «እማማ፣ በደንብ በስሎ ለስለስ ይበልልዎ?» ይህን የሚጠይቀው ወዶ አይደለም። አብዛኞቻችን ፓስታ ጥርስ ሲይዝ ጥሬ ነው እንላለን። አክስቴ «አይ ልጄ፣ እንደ ደንቡ ይሁን» አለችው።

ሳህኑ ሲመጣ መጀመሪያ የነካችው ሳህኑን ነው። ጠርዙን በጣቷ ጫፍ። ሞቅ ያለ ነበር። ራሷን ነቀነቀች። ፓስታ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ሲወጣ ስጎው ወዲያው ይረጋል፣ ፓስታው ይያያዛል። እሷ በሠራችበት ወጥ ቤት ሳህን ሳታሞቅ ያወጣች ልጅ ትቆጣት ነበር።

ቀጥላ ከስፓጌቲው አንዲት ዘለላ መዘዘች። በፊት ጥርሷ ለሁለት ቆረጠቻትና የተቆረጠውን ጫፍ መብራቱ ሥር አድርጋ አሳየችኝ። መሃሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች። ዙሪያው ቢጫ፣ መሃሉ ነጭ። «አየሽው? ይሄ ሲጠፋ አንድ ደቂቃ አልፎታል ማለት ነው። ይሄ ሰፋ ካለ ደግሞ ገና ነው።» እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልደንቴ ሲባል እሰማለሁ። ምን እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ያን ማታ ነው።

ይህን ነጥብ እዚህ ከተማ ላይ ማግኘት ከሌላ ቦታ ይከብዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። እኛ ጋ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ከዚያ በኋላ እሳቱን የፈለግሽውን ያህል ብትጨምሪ ውሃው አይሞቅም፣ ይተናል እንጂ። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ እኛ ጋ አይሠራም። ቆይቶ ነው የሚደርሰው። ቆይቶ ሲደርስ ደግሞ ውጩ ለስልሶ መሃሉ ገና ይሆናል። ውጩም መሃሉም ልክ እንዲሆን ሰዓት ማየት አይበቃም፣ ቆሞ መቅመስ ያስፈልጋል።

አክስቴ የዲግሪውን ነገር አታውቅም። ነገሩን ግን ታውቀዋለች። የሲኞራዋ ባል ለሥራ ምጽዋ ይመላለስ ነበር። «ምጽዋ ፓስታው ቶሎ ይበስላል፣ እዚህ ምን ሆናችሁ ነው?» እያለ ይቆጣ ነበር። ሲኞራዋ እሳቱን ትወቅሳለች፣ ድስቱን ትወቅሳለች፣ አንዳንዴ አክስቴን ትወቅሳለች። ምጽዋ ባሕር ዳር ናት፣ ውሃው እዚያ 100 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው። ይህን ሳስረዳት ሹካዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ጥፋቱ የተራራው ነበራ!» አለች። ሲኞራዋ ብትሰማው ደስ ይላት እንደነበረም ነገረችኝ።

ወደ ታልያቴሌው ሄድን። ስፋቱን በትንሿ ጣቷ ጥፍር ለካችው። ሲኞራዋ ያስተማረቻት መለኪያ ነው። ሊጡን በመዳመጫ ዘርግተሽ፣ ጠቅልለሽ፣ ስትቆርጪው ከትንሿ ጣት ጥፍር እንዳይሰፋ። እኔ ደግሞ ቦሎኛ ከተማ የንግድ ምክር ቤቱ ውስጥ በወርቅ የተሠራ አንድ ታልያቴሌ እንዳለ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1972 ነው እዚያ የተቀመጠው። ልኩ በስሎ ሲወጣ 8 ሚሊ ሜትር ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ የራጉውም አሠራር እዚያው ተመዘገበ። የበሬ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሰለሪ፣ ቲማቲም፣ ወይን፣ ወተት እና ፓንቼታ፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ። የአሳማው ነገር እኛ አገር አይሄድም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይነካውም። ሲኞራዋም ብትሆን ለአክስቴ ስትል ያለ አሳማ መሥራት ለምዳ ነበር። አክስቴ ሆቴል ስትገባም እንዲሁ በበሬ ብቻ ነው የሠራችው። ጣዕሙ እንዳይጎድል ከጭኑ ሳይሆን ስብ ካለው ቦታ ነው የምታስቆርጠው።

ራጉውን ቀመሰች። ረጅም ጊዜ አኘከችው። «ቸኩሎ አልሠራውም» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ራጉ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፣ ሦስት ቢሆን ይመረጣል። ሥጋው ከስጎው ተለይቶ ከተሰማሽ አልበሰለም።

እዚህ ላይ ስለ አያቴ ካልተናገርኩ የሄድኩበትን ነገር አልጨረስኩትም። አያቴ፣ የአክስቴ እናት፣ ፓስታ አፏ ሳይገባ ነው ያለፈችው። ወንድሟ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግድያ ነው የሞተው። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በዚህ ከተማ በሺህ የሚቆጠር ሰው በሦስት ቀን ውስጥ አለቀ። ስድስት ኪሎ የቆመውን ሐውልት ባለፍኩ ቁጥር የማስበው አያቴን ነው። ልጇ የጣሊያን ቤት ልትቀጠር ስትል አልከለከለችም፣ ቤቱ ችግረኛ ነበርና። ከደመወዟ ላይ ግን ሳንቲም አልነካም አለች። አክስቴ ገንዘቡን ለታናናሾቿ ደብተርና ጫማ ታውለው ነበር።

አክስቴ ይህን ሁሉ ይዛ ነው ሲኞራዋን የምትወዳት። ሁለቱንም ትይዛለች። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ነበር። ብዙ ጣሊያኖች እዚሁ ቀሩ፤ መካኒክ፣ ግንበኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ምግብ ቤት ከፋች ሆኑ። የፒያሳው ካስቴሊ ምግብ ቤት የዚያ ዘመን ልጅ ነው። እኛም ምግቡን ተቀብለን የራሳችን አደረግነው። አያቴ አልተቀበለችም። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ። አያቴ ትክክል ናት፣ አክስቴም ትክክል ናት።

ስንዴውም ቢሆን እኮ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ፓስታ የሚሠራው ከዱረም ስንዴ ነው። የሩሲያው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ሲዞር፣ በዚህ የስንዴ ወገን ብዝኃነት በጣም ነው የተገረመው። ገበሬዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲዘሩት፣ ለዳቦ፣ ለቅንጬና ለቆሎ ሲያውሉት ኖረዋል። በኋላ ደግሞ ባሌ ላይ ገበሬውን ከፓስታ ፋብሪካዎች ጋር ለማገናኘት በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ ፕሮጀክት ተሠርቷል። ይህን የምለው ለመፎከር አይደለም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንገታችንን ደፍተን የምንቀመጥበት ምክንያት ስለማይታየኝ ነው።

ሂሳቡ መጣ። ብዙ ነው። ዋጋውን አልጽፈውም፣ በየጊዜው ይቀየራል። ግን የማያውቅ ሰው እንዳይደነግጥ፣ ብዙ ትልልቅ ሆቴሎች ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። 1,000 ብር የተጻፈበት ምግብ 1,265 ብር ይሆናል ማለት ነው። አይብና የወይራ ዘይት ደግሞ በዶላር ነው የሚመጡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ፓርሚጃኖ ለብቻው ታሪክ ነው። አንዱ ድቡልቡል አይብ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከ500 ሊትር በላይ ወተት ይፈጃል፣ ቢያንስ 12 ወር ሳይቀመጥ አይሸጥም። አስተናጋጁ ሳህኑ ላይ ሲፍቅልሽ አንድ ዓመት ነው እየፈቀልሽ ያለው።

አክስቴ ሂሳቡን አይታ አልደነገጠችም። ወጥ ቤት የሠራ ሰው የት እንደሚሄድ ያውቃል። እኔ ግን ይገባዋል ወይ ብባል፣ ለሁሌ አይገባውም እላለሁ። ለእንደዚህ ያለ ቀን ይገባዋል። የከፈልኩት ለፓስታው ብቻ አልነበረም። አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ስታወጣው የኖረችው ሳህን ሞቆ ወደ እሷ ሲመጣ ለማየት ነው የከፈልኩት።

ልንነሳ ስንል አስተናጋጁን ጠራችው። «ልጄ፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?» ልጁ ደንገጥ አለ፣ ቅሬታ መስሎት። «ላመሰግነው ነው» አለችው። ትንሽ ቆይቶ ነጭ የለበሰ ወጣት መጣ። የእኛው ልጅ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። እሷ ተነሳች። ተው ተቀመጪ ብላት አልሰማችኝም። የሥራ ባልደረባዋ መጥቶ ቁጭ አትልም።

ከዚያ እኔ ተረሳሁ። ሊጡን ስንት ደቂቃ እንደሚያሳርፈው ጠየቀችው። ሠላሳ አላት። «በበጋስ?» አለችው። የአዲስ አበባ አየር በበጋ ደረቅ ስለሆነ የሊጡ ፊት ይደርቃል፣ ሲዳመጥ ይሰነጠቃል። እርጥብ ጨርቅ እንደሚያለብሰው ነገራት። «ጨርቁ ሊጡን እንዳይነካው ግን፣ በሳህን ደፍተህ ጨርቁን ከላይ» አለችው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ጻፈው። ራጉ ላይ ወተቱን መቼ እንደሚጨምር ጠየቀችው። ሲመልስላት ዓይኗ በራ። የእሷም እንደዚያው ነበር።

ስለ ሪዞቶ አልተስማሙም። እሱ ሩዙን ሳያማስል ትንሽ መተው ይቻላል ይላል፣ እሷ አይሆንም ትላለች። ስልክ ተለዋወጡ። ከዚያ ወዲህ ደውሎላት ነበር። ያለ ማማሰል ሞክሮት ሩዙ ድስቱን እንደያዘበት ነገራት። እሷ ደግሞ ድስቱ ስስ መሆኑን፣ ወፍራም መግዛት እንዳለበት ስትነግረው ሰማኋት። እኔ ቡና እያፈላሁ ነበር።